በወሎ ደጋ በቁር ወራት በግና ፍየል የመያዣና ድርቆሽ የማብላት መመሪያ

ከደሴ ወጥቶ በጉጉፍቱ በኩል ወደ ለጋምቦና ወደ ወረኢሉ በሚዘልቀው ከፍታ፣ እንዲሁም በሰሜን በኩል በደላንታ፣ በዋድላና በመቄት ደጋዎች፣ ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ጠርቶ ማደር ይጀምራል። ደመና የሌለበት ሌሊት የምድሩን ሙቀት ስለማያስቀር፣ ንጋት ላይ ሜዳው አመዳይ ለብሶ፣ በገንዳ የቀረው ውኃም አንዳንዴ ስስ በረዶ ይዞ ይገኛል። በዚሁ ወቅት የግጦሽ ሣሩ ደርቆ ያረጃል፤ አጨዳ ከተነሳለት ማሳ ላይ የሚለቀመውም ቢሆን ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይዘልቅም። በግ ግን ብርዱን ለመቋቋም ከወትሮው የበለጠ መብላት ይኖርበታል፤ ከእናት በጎቹም ብዙዎቹ ይህን ጊዜ እርጉዝ ወይም የሚያጠቡ ናቸው።

ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 20 የሚደርሱ በጎችና ፍየሎች ላሉት ቤተሰብ የተጻፈ ሲሆን፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በየቀኑ ምን መሠራት እንዳለበትና ድርቆሽ እንዴት መሰጠት እንደሚገባው ያስረዳል። ዋናው ሐሳቡ አንድ ነው፤ ድርቆሽ ተመዝኖ፣ በማታ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሰጣል፣ ከድርቆሹም ምርጡ፣ ሣር ፈጽሞ ለሚጠፋባቸው ለየካቲትና ለመጋቢት ይቆያል። በብዙ ቤት የሚታየው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ማሳው ገና የሚለቀም ነገር እያለው በኅዳር አዲሱ ድርቆሽ ያለ መጠን ይበተናል፤ እናቲቱ በምትወልድበት ወር ደግሞ የስንዴ ጭድ ብቻ ይቀርላታል።

ድርቆሹ ምን ያህል እንደሚያዘልቅ ማስላት

የመጀመሪያው ሥራ ስሌት ነው፤ ጊዜውም ክምሩ ገና ሳይነካ በኅዳር መጨረሻ ነው። አንድ ጎልማሳ በግ በቀን የክብደቱን 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። 25 ኪሎ ለምትመዝን እናት በግ ይህ 750 ግራም ይሆናል። ይሁን እንጂ ድርቆሽ የደረቀ ቢመስልም በውስጡ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይይዛል፤ ከሚሰጠውም ላይ ተረግጦና ተመርጦ የሚቀር አለ። ስለዚህ ምንም ግጦሽ ለማታገኝ በግ በቀን 1 ኪሎ፣ ቀን ቀን ወጥታ ለምትለቃቅም ደግሞ ግማሽ ኪሎ መያዝ ይገባል። 10 በጎች ያሉት ቤት ከጥር 1 እስከ ሚያዝያ 30 ላሉት 120 ቀናት በየማታው 5 ኪሎ ቢሰጥ 600 ኪሎ ድርቆሽ ያስፈልገዋል፤ ይህም እያንዳንዱ 15 ኪሎ በሚመዝን እስር ሲሰላ 40 እስር ነው። ሣሩ ያልታሰረ ከሆነ አንዱን ሸክም በሚዛን መመዘንና ክምሩ የስንት ሰው ሸክም እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። ሣሩ ከሜዳ ሲጓጓዝ እያንዳንዱን ሸክም በግድግዳ ላይ በከሰል ማስመር ከሁሉም የቀለለ መዝገብ ነው።

ስሌቱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የተዘረጋበት ምክንያት አለ። የበልግ ዝናብ በወሎ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይጥልም፤ በየካቲት ቢጥል እንኳ ሣሩ አቆጥቁጦ ሆድ የሚሞላ ግጦሽ እስኪሆን ሳምንታት ይወስዳል። ድርቆሹን በየካቲት መጨረሻ የሚጨርስ አርቢ ለዝናቡ መዘግየት መጠባበቂያ አይኖረውም።

የክምሩ መጠን ከበጎቹ ቁጥር ጋር ካልተመጣጠነ፣ የሁሉንም ድርሻ እየቀነሱ መንጋውን በሙሉ ማክሳት እጅግ የከፋው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም የሰባውም፣ ያረገዘውም፣ ግልገሉም አብረው ይጎዳሉ። የሚሻለው ሙክቶቹንና ጥርሳቸው የረገፈ አሮጌ እናቶችን ገበያው ከፍ በሚልበት በገና ወይም በጥምቀት ሰሞን መሸጥና ከገንዘቡ ከፊሉን ለፉርሽካና ለፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ ለወጣ የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ማዋል ነው። በታኅሣሥ በጥሩ ሥጋ ላይ ያለ በግ በመጋቢት ከስቶ ሲወጣ ዋጋው ብዙ ይወርዳል፤ በመካከሉ የበላው ድርቆሽም ለእርጉዞቹ ሊተርፍ የሚችል ነበር።

ክምሩና የሣሩ ጥራት

የድርቆሽ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው በታጨደበት ቀን ነው። ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ የታጨደ እንደሆነ ቅጠሉ ይበዛል፣ የገንቢ ምግብ ይዘቱም ጥሩ ይሆናል። ፍሬው እስኪረግፍ ድረስ ቆይቶ በኅዳር መጨረሻ የታጨደ ሣር ብዛቱ ቢጨምርም አገዳ ይሆናል። በበግ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ሥራቸውን በሚገባ ለመሥራት መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን እንዲኖረው ይፈልጋሉ፤ ዘግይቶ የታጨደ ሣር ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው። በጓ ሆዷ ሞልቶ እየታየ የምትከሳው በዚህ ምክንያት ነው። ማገጥ የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠል ተክል የተቀላቀለበት ሣር ከሁሉም ይበልጣልና ሲገኝ ለብቻው መከመር ይገባዋል። ሰምበሌጥና አክርማ የበዛበት ደግሞ ለቤት ክዳንና ለስፌት እንጂ ለበግ ብዙ አይጠቅምም።

ሣሩ ሲከመር በሚገባ ደርቆ መሆን አለበት። እርጥበቱ ከ15 በመቶ የማይበልጥ ድርቆሽ አይበላሽም፤ 20 በመቶውን ካለፈ ግን ይግላል፣ ይሻግታል፣ ትልቅ ክምር ከሆነም ራሱን በራሱ እስከ ማቃጠል ይደርሳል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው አርቢ በሁለት መንገድ ሊያረጋግጥ ይችላል። አንደኛው የሣሩን አገዳ በጥፍር መፋቅ ነው፤ እርጥብ ልጣጭ ከተነሳ ገና አልደረቀም። ሁለተኛው አንድ እፍኝ ድርቆሽ ቆራርጦ ክዳን ባለው ደረቅ ማሰሮ ወይም ብልቃጥ ውስጥ ከጥቂት ደረቅ የገበታ ጨው ጋር ከትቶ ለደቂቃዎች መወዝወዝ ነው፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ፣ ተያይዞ ከጓጎለ ሣሩ አንድ ሁለት ፀሐያማ ቀን ያስፈልገዋል። ከተከመረ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት እጅን ወደ ክምሩ ውስጥ አስገብቶ ሙቀቱን መፈተሽ ጥሩ ነው፤ እጅ የማያስቆይ ሙቀት ካለ ክምሩ ፈርሶ መነፋስ አለበት።

ክምሩ በድንጋይና በእንጨት በተሠራ ቆጥ ላይ ይቀመጥ፤ ዙሪያው ይታጠር፤ አናቱ በክዳን ሣር ወይም በላስቲክ ይሸፈን፤ ውኃ እንዳይተኛበትም ቦይ ይቀደድለት። ከማድ ቤትና አመድ ከሚጣልበት ቦታ ይራቅ፤ በደረቅ ወራት የንፋሱ አቅጣጫ ስለማይታወቅ ለፍም ቅርብ የሆነ ክምር አደጋ አለበት። ከክምሩ ላይ ሲወሰድ ከአንድ ጎን ብቻ ከላይ ወደ ታች እየተቆረጠ ቢወሰድ ቀሪው ተሸፍኖ ይቆያል፤ ከየአቅጣጫው የሚመዘዝ ክምር ግን ድንገት በሚጥል ካፊያ ውስጡ ድረስ ይርሳል።

ሲበተን ነጭ ወይም ግራጫ አቧራ የሚያወጣ፣ ሽታው የሻገተ ድርቆሽ ለማንኛውም በግ፣ በተለይም ለእርጉዝ አይሰጥም፤ ሻጋታው ሳንባን ይጎዳል፣ ጽንስም ሊያስጥል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሣር ለብስባሽ ማዳበሪያ ጉድጓድ መተው ይሻላል። ከገበያ የተገዛ ድርቆሽ ከሆነ ደግሞ ሳይበተን በፊት ሽቦ፣ ሲባጎና ፌስታል መኖሩን መፈተሽ ያስፈልጋል። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ በሚሰማሩ በጎች ሆድ ውስጥ ፌስታል መገኘቱ የተለመደ ሆኗል፤ የበላው ፌስታል የማይፈጭና የማይወጣ በመሆኑ በጉ በልቶ እየከሳ ይሞታል።

ከንጋት እስከ ረፋድ

የዕለቱ ሥራ የሚጀምረው በማየት ነው። ከሱብሂ ሶላት ወይም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የጉረኖው በር ከመከፈቱ በፊት ቆሞ መመልከት፣ በሩ ተከፍቶ በጎቹ ሲግተለተሉ ሊታይ የማይችለውን ያሳያል። የቆመው ቆሞ፣ የተኛው ተኝቶ እያመነዠከ ከሆነ መንጋው ደኅና አድሯል። ከሌሎቹ ተለይቶ ጥግ የያዘ፣ ጆሮውን የጣለ፣ የማያመነዥክ፣ የሚያስል ወይም በአፍንጫው ወፍራም ንፍጥ የሚወርደው በግ ካለ ለብቻው ይደረጋል። ከዚያ ይቆጠራል። በጠጡም ይታያል፤ የደኅና በግ በጠጥ የተነጣጠለና ጠጣር ፍሬ ነው፤ የተጣበቀ ወይም የሚፈስ ከሆነ የመኖ ለውጥ ወይም የሆድ ትል ምልክት ነው።

በጎቹን ጎሕ ሲቀድ ማሰማራት በደጋው የተለመደ ቢሆንም በቁር ወራት አይመከርም። አመዳይና ጤዛ ያለበት ሣር ሆድን ያቀዘቅዛል፤ በእርጥብ ሣር ጫፍ ላይ የሚወጡት የትል እጮችም በብዛት የሚበሉት በዚያን ሰዓት ነው። ፀሐይ ወጥታ ሜዳው እስኪደርቅ፣ ይኸውም እስከ 3 ሰዓት አካባቢ፣ በከፍተኛው ቦታም እስከ 4 ሰዓት መጠበቅ ይሻላል። ልጆች ከትምህርት በፊት በጎቹን ለማውጣት የሚቸኩሉበት ቤት ካለ፣ በጎቹ በግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚሞቁበት የታጠረ ቦታ ማዘጋጀትና አንድ አንድ እፍኝ ድርቆሽ ወይም የባቄላ ገለባ ማቅመስ ይቻላል።

በጎቹ ወደ ውጭ ሲወጡ ጉረኖው ይጠረጋል። የረጠበው መኝታ ወጥቶ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል ወይም ይጣላል፤ በምትኩ ደረቅ የገብስ ጭድ ወይም ከትናንት መኖ የተረፈው አገዳ ይነጠፋል። ብርድ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ እርጥብ መኝታ ላይ ያደረውን በግ ነው፤ ጸጉሩ የደረቀ በግ የደላንታን ሌሊት ይችለዋል፣ ሆዱ ሥር የረጠበ ግን በሳንባ ምች ይያዛል። የጉረኖውን አየር ለመፈተሽ በበግ ቁመት ልክ ቁጢጥ ብሎ ጥቂት መቆየት በቂ ነው፤ ዓይን የሚያቃጥል የሽንት ሽታ ካለ በግድግዳው ላይ፣ ከበጎቹ ራስ በላይ፣ የአየር ማስወጫ መክፈት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ብርድን በመፍራት ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ ይደፍናል፤ ነገር ግን በጎችን ለሳል የሚዳርገው በላያቸው የሚያልፈው ነፋስ ብቻ ሳይሆን የታፈነ እርጥብ አየርም ነው። ለአንድ ጎልማሳ በግ 1 ሜትር ካሬ ያህል ወለል ቢኖር ሳይጨናነቁ ይተኛሉ።

ውኃ ከረፋዱ በኋላ፣ ብርዱ ሲሰበር ይሰጣል። ድርቆሽና ጭድ የሚበላ በግ ለሚበላው ለእያንዳንዱ ኪሎ መኖ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለ10 በጎች በቀን አንድ ትልቅ ጀሪካን፣ ማለትም 25 ሊትር ያህል ማዘጋጀት ይገባል፤ የምታጠባ እናት ድርሻዋ ከዚህ ይበልጣል። በረዶ የያዘ ውኃ በጎች በበቂ አይጠጡም፤ ውኃ ያልጠጣ በግ ደግሞ ደረቁን መኖ አይበላም። ድርቆሹ ሞልቶ ሳለ የመብላት ፍላጎት ከቀነሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውኃው ነው። ረግረግ ዳር ያለ የቆመ ውኃ በበጋ አልቅት ስለሚበዛበትና በዳሩ ያለው ለምለም ሣር የጉበት ትል ስለሚያስይዝ፣ ቢቻል ከምንጭ ተቀድቶ በገንዳ ቢቀርብ ይመረጣል።

የማታው መኖ

በጎቹ 11 ሰዓት አካባቢ ሲመለሱ የቀኑ ዋነኛ ሥራ ይጀምራል። ድርቆሽ በማታ የሚሰጥበት ምክንያት በበጉ አካል ውስጥ ነው። ሣሩ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይፈጥራል፤ ይህም ሙቀት ከመብላት በኋላ ለብዙ ሰዓታት ይቀጥላል። 12 ሰዓት ላይ በቂ ድርቆሽ የበላ በግ ሌሊቱን ሙሉ እያመነዠከ ከውስጡ ይሞቃል፤ ባዶ ሆዱን የገባ ግን ለመሞቅ የራሱን ስብ ያቃጥላል። ያንኑ ግማሽ ኪሎ ጠዋት ቢሰጡት፣ በጉ ጠግቦ ይወጣና ቀን በሜዳ ላይ ሊለቅመው የሚችለውን ይተወዋል፤ ማታም ባዶ ሆድ ያድራል። ስለዚህ የድርቆሹ መጠን ሳይጨምር ሰዓቱን መለወጥ ብቻ ብዙ ጥቅም ይሰጣል።

ሣሩ በፍጹም መሬት ላይ አይበተንም። በግ የረገጠውንና የሸናበትን ሣር አይበላም፤ ከወለል የሚለቀም መኖም የትል እንቁላል ይዞ ይገባል። ከአጥር እንጨት ወይም ከቀርከሃ የተሠራ ግርግም፣ ታችኛው ክፍሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በእንጨቶቹ መካከል አፍ እንጂ ራስ የማያስገባ ክፍተት ተትቶለት ግድግዳ ላይ ቢገጠም ለዓመታት ያገለግላል። ከግርግሙ ሥር ገንዳ ቢደረግ የሚረግፈውን ቅጠል ይይዛል፤ የሣሩ ምርጥ ምግብ ያለው በቅጠሉ ስለሆነ ይህ ትንሽ አይደለም። ግርግሙ ከበጎቹ ራስ በጣም ከፍ ካለ ግን አቧራውና እብቁ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። የግርግሙ ርዝመት ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆመው የሚበሉበት፣ ለእያንዳንዱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ መሆን አለበት፤ ቦታው ከጠበበ ጉልበተኛው ሙክት የደካማዋን ድርሻ ይበላል። ይህ ሊስተካከል ካልቻለ ደካሞቹንና እርጉዞቹን በአጥር ለይቶ ማብላት የግድ ነው።

ጠዋት በግርግሙ ውስጥ የቀረውን ማየት የማታውን መጠን ለማስተካከል ይረዳል። ጥቂት ጠንካራ አገዳ ከቀረ ልኩ ትክክል ነው። ምንም ካልቀረና እንጨቱ ከተላሰ አንሷል፤ ቅጠል ጭምር ከቀረ በዝቷል ወይም ድርቆሹ ተበላሽቷል። የተረፈው አገዳ ለአህያና ለበሬ ይሰጣል፣ ካልሆነም ለመኝታ ይውላል።

ድርቆሹን ለማብቃቃት ከጭድና ከገለባ ጋር መቀላቀል አስፈላጊ ነው። ሁሉም ጭድ ግን አንድ አይደለም። የምስር፣ የባቄላና የአተር ገለባ ከእህል ጭድ ሁሉ ይበልጣል፤ ከእህሎቹ ደግሞ የጤፍና የገብስ ጭድ ከስንዴ ጭድ ይሻላል። በጃማና በወረኢሉ ጥቁር አፈር ምስር የሚዘራ ገበሬ የምስሩን ገለባ ከአውድማ ላይ ሳይጥል ቢሰበስብ ለበጎቹ ከመካከለኛ ድርቆሽ የማያንስ መኖ ያገኛል። በታኅሣሥና በጥር ሁለት እጅ ጭድና ገለባ ከአንድ እጅ ድርቆሽ ጋር መስጠት፣ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ የድርቆሹን ድርሻ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ አጀማመሩ እንዲህ ከሆነ ቀደም ሲል የተሰላው ድርቆሽ ከጥር በፊትም ሳይጎዳ ይቆያል። በጎች ጭዱን ካልወደዱት ለ10 በጎች 80 ግራም ያህል ጨው በ1 ሊትር ውኃ አሟሙቶ ለዚያ ማታ ብቻ በሚበቃው ጭድ ላይ መርጨት ፍላጎታቸውን ያነሳሳል፤ የዕለቱን የጨው ድርሻቸውንም ያገኛሉ። ከአፋር የሚመጣ አሞሌ በባቲ የሰኞ ገበያ የሚያገኝ ደግሞ ቁራጩን በጉረኖው ውስጥ አንጠልጥሎ ቢያስልሳቸው ያው ነው።

ጭዱን በዩሪያ ማከም ሌላው መንገድ ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ፣ ጭዱ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ በንብርብር ሲጠቀጠቅ በእኩል ይረጭበታል፣ ከዚያም አየር እንዳይገባው ይታፈናል። በሞቃት አካባቢ 21 ቀን የሚበቃ ሲሆን በደጋው ቅዝቃዜ ቢያንስ 4 ሳምንት መቆየት አለበት። ከተከፈተ በኋላ የዕለቱ ድርሻ ወጥቶ ሽታው እስኪጠፋ ለአንድ ሌሊት ይነፍሳል፤ ጥቂት በጥቂት እየተለማመደም ይሰጣል። ጡት ላልጣሉ ግልገሎች አይሰጥም፤ ዩሪያ የሟሟበት ውኃም ከብት ከማይደርስበት መራቅ አለበት፤ ቢጠጡት ይገድላል። በእኔ አስተያየት ይህ ሥራ በሬና ላም ጭምር ላለው፣ ውኃም በቅርብ ለሚያገኝ ቤት የሚያዋጣ ነው፤ ውኃ በጀርባ ለሚቀዳበትና ጥቂት በጎች ብቻ ላሉት ግን የባቄላ ገለባ መሰብሰብና ትሪ ሉሰርን መትከል ይሻላል። የትሪ ሉሰርን ቅጠል በፕሮቲን የበለጸገ፣ ደጋን የሚወድና በበጋም አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ነው፤ ከእርሻ ዳር የተተከሉ ጥቂት ዛፎች በየማታው ከጭዱ ጋር የሚቀላቀል ቅርንጫፍ ይሰጣሉ።

እርጉዞች፣ የሚያጠቡና ግልገሎች

በግ የምታረግዘው ለ5 ወር ያህል ነው። ጽንሱ በአብዛኛው የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ውስጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ የእናቲቱ ሆድ ለድርቆሽ የሚተርፈው ቦታ ስለሚጠብ ሣሩን ብቻ በመጨመር ፍላጎቷን ማሟላት አይቻልም። ስለዚህ ምርጡ ድርቆሽና ተጨማሪው መኖ ለእሷ ይሰጣል፤ ሁለት እጅ የስንዴ ፉርሽካ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ጋር ተደባልቆ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም በቂ ነው። አጀማመሩ በ50 ግራም ሆኖ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከፍ ይላል፤ እህልም ሆነ ፉርሽካ በድንገት በብዛት የበላ በግ ጨጓራው አሲድ ይሞላና ሊሞት ይችላል። ምንጊዜም ድርቆሹ ቀድሞ፣ ፉርሽካው ተከትሎ ይሰጣል። ለዶሮ የተዘጋጀ መኖ ግን ለበግ መስጠት አይገባም፤ እህሉ ብዙ ነው፣ በግ ከሌሎች እንስሳት ይበልጥ የሚመረዝበትን መዳብም ሊይዝ ይችላል።

የበግን ሥጋ ሁኔታ ለማወቅ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ጸጉር ያታልላል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ወገቧ ላይ እጅን አሳርፎ አከርካሪውን መዳሰስ ያስፈልጋል። አጥንቱ ሹል ሆኖ ከተዳሰሰና በጎንና በጎኑ ሥጋ ከሌለ በጓ ከስታለች፤ ለስላሳ እብጠት ብቻ ከተሰማ በደኅና ይዞታ ላይ ናት። በዚያው እጅ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልጦ ማየትም መልመድ ይገባል፤ ውስጡ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ መሆን ሲኖርበት ከነጣ ደሟን ትል እየጠጣባት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሰጠው የጉበት ትል መድኃኒት በደጋው ላሉ በጎች እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም በእርግዝና መጀመሪያ የማይሰጡ መድኃኒቶች ስላሉና መጠኑም በክብደት ስለሚወሰን፣ ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተማክሮ መስጠት ይገባል። የሚጥሉ እናቶች ከበዙም ጉዳዩን በወረዳው በኩል በኮምቦልቻ ወደሚገኘው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ማስተላለፍ ይቻላል። የተጣለውን ጽንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ለውሻም አይሰጥም፤ የታረደ በግ ጭንቅላትም እንዲሁ፤ በጎችን የሚያዞረው የአዙሪት በሽታ ዑደቱን የሚያሟላው አንጎሉን በበላ ውሻ በኩል ነው።

በቁር ሌሊት የተወለደ ግልገል ከሁሉ አስቀድሞ መድረቅ አለበት፤ በደረቅ ጆንያ ይታሻል፣ እትብቱ በአዮዲን ይነከራል። ቀጥሎ እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ መጥባቱ ይረጋገጣል። 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን 250 ሚሊ ሊትር ያህል እንገር ያስፈልገዋል፤ በሽታ የመከላከል አቅሙን የሚያገኘው ከዚህ ነውና እንገርን ቆሻሻ ነው ብሎ አልቦ መድፋት ትልቅ ጥፋት ነው። አፉን በጣት መዳሰስ ብዙ ይነግራል፤ አፉ ከቀዘቀዘ ግልገሉ በአደጋ ላይ ነው፤ መጀመሪያ በሙቅ ቦታ ይሞቃል፣ ከዚያ ይጠባል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግልገሎች ለስላሳውን ድርቆሽ መቀማመስ ይጀምራሉ፤ እናቶች የማይገቡበት ጠባብ በር ያለው ማዕዘን ተከልሎላቸው ቅጠል የበዛበት ድርቆሽ ቢቀርብላቸው ጨጓራቸው ቶሎ ይጎለብታል።

ለባና የሚሆን ጸጉር መሸለትን በተመለከተ አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር በግን መሸለት ብርድ ከልካዩን መግፈፍ ስለሆነ የቁሩ ወራት እስኪያልፉ ይቆይ።

ፍየልና ቆላማው ወሎ

ፍየል ጸጉሯ አጭር፣ ስቧም ጥቂት ስለሆነ ከበግ ይልቅ ብርድ ይጎዳታል፤ ከወለል ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ መኝታም ትወዳለች። ድርቆሽን መርጣ ስለምትበላ ብዙ ታባክናለች፤ በጥቂት በጥቂቱ ታስሮ ቢንጠለጠልላት ይሻላል። በቃሉ፣ በሐብሩና በቆቦ ዋነኛው የበጋ መኖ የማሽላ አገዳ ነው፤ በገጀራ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ተቆራርጦ ካልተሰጠ አብዛኛው ይጣላል። እሾሁ በእሳት የተለበለበ ቁልቋል ውኃ የበዛበት በመሆኑ ከደረቅ አገዳ ጋር ተቀላቅሎ ብቻ ይሰጣል። ከታጨደ በኋላ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቆጠ ለጋ ማሽላ ግን በድርቅ ጊዜ ኃይለኛ መርዝ ስለሚይዝ ፍየልና በግ ወደዚያ ማሳ እንዳይገቡ እረኞችን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በልግ ሲገባ

ዝናቡ ጥሎ ሜዳው አረንጓዴ ሲሆን ድርቆሹን ወዲያው ማቋረጥ አይገባም። አዲሱ ሣር ውኃ የበዛበት ነው፤ ማገጥ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ጤዛ እያለው በባዶ ሆድ ሲበላ የበጎችን ሆድ ይነፋል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። ለሁለት ሳምንት ያህል በጎቹ ከመሰማራታቸው በፊት ጠዋት ድርቆሽ ቀምሰው እንዲወጡ ማድረግ፣ በለምለሙ ላይ የሚቆዩበትንም ሰዓት ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል። የድርቆሹ ሰዓት ከማታ ወደ ጠዋት የሚዛወረው በዚህ ወቅት ብቻ ነው። ከክምሩ የተረፈ ካለ ክዳኑ ታድሶ ለክረምቱ ይቆይ፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በጎቹን ከጉረኖ በማያስወጣቸው ቀናት ይፈለጋል።